ሳጥን ውስጥ የገባው ማሲንቆ

ምሥጋናው አዳም ሥራውን የሚጀምረው እየተሳቀበት ነበር። ላሊበላ፣ ዳገቱ ላይ ካለው ሆቴል አዳራሽ ጥግ ኦርጋኑን ይዘረጋል፤ ከጎኑ አንድ ቡናማ የፕላስቲክ ሳጥን ያስቀምጣል፤ ሳጥኑን ካሮጌ ቴሌቪዥን ጋር ያያይዛል፤ ካሴት ያጎርሰዋል፤ ከዚያ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ካሴቱ ይዞራል እንጂ ድምፅ የለውም። እንግዳው አንድ ቢራ ጨርሶ ሌላ ያዛል፣ ካሴቱ አሁንም ይዞራል። «ሳጥኑ ዛሬም እራቱን አልጨረሰም?» ይሉታል አስተናጋጆቹ። እሱ ፈገግ ይላል። አንድ ጊዜ ኮምፒዩተር ነው ብሎ ነግሯቸው ነበር፤ የባሰ ሳቁ።

እውነቱን ለመናገር ግን ኮምፒዩተር ነው፤ የሚሠራበትን ትእዛዝ ከካሴቱ ላይ ያነባል። ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመት እንደሆነ የውኃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር ላስታ የመጣ ኡዶ የሚባል ጀርመናዊ ነው ይዞት የመጣው። ባገሩ ሰው ሁሉ ይኸን ዓይነቱን ጥሎ አዲስ ከገዛ ቆይቷል፤ ኡዶ ግን ኮሞዶር የሚባለውን ይኸን ሳጥኑን ከሻንጣው አይለየውም። ታዲያ አንድ ምሽት ምሥጋናው ሆቴሉ ውስጥ ኦርጋን ሲጫወት ሰማና ጠራው፤ በተሰባበረ አማርኛውም «ኦርጋንህ ይዋሻል» አለው። ምሥጋናው ተቀየመ። ኡዶ አልተከራከረም። ከኦርጋኑ ጀርባ ሚዲ የሚሉትን ገመድ ሰክቶ ወደ ሳጥኑ ወሰደው። ከዚያ ወዲያ ኦርጋኑ የቱ ቁልፍ እንደተነካ ብቻ ለሳጥኑ ያወራል፤ ድምፁን የሚያወጣው ሳጥኑ ነው። መጀመሪያ የወጣው ድምፅ ጠርሙስ ውስጥ የገባች ንብ ይመስል ነበር።

ኡዶ ውሸት ያለውን ነገር ምሥጋናው ሆዱ ያውቀዋል። ኦርጋን ከፋብሪካ ሲወጣ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ሌላው ያለው እርምጃ እኩል ተደርጎ ነው። አንቺሆዬ ደግሞ በእኩል እርምጃ የሚሄድ ቅኝት አይደለም። ከሁለት ቁልፎች መሐል የሚኖር ድምፅ አለው፤ ማሲንቆ ላይ ጣት ትንሽ ሸርተት ብሎ ያገኘዋል፣ ኦርጋን ግን ዘሎት ያልፋል። ምሥጋናው ሆቴል ውስጥ አንቺሆዬን በተጫወተ ቁጥር እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ ያፍር ነበር። ለዚህኛው ሳጥን ግን የእያንዳንዱን ቁልፍ ከፍታ በቁጥር መንገር ይቻላል። ትንሽ ጨምር ሲሉት ይጨምራል፣ ቀንስ ሲሉት ይቀንሳል።

«እሽ፣ ልኩን ቁጥርስ ማን ይነግረናል?» አለ ምሥጋናው።

ኡዶ እኔ ምን አውቄ አለ። ልኩን የሚያውቁት ሰው እቤት ተኝተው ነበር።

የምሥጋናው አባት አያ አዳም ማሲንቆ ተጫዋች ናቸው። ከገነተ ማርያም እስከ ኮን እሳቸው ያልተጠሩበት ሰርግ ሰርግ አይባልም ነበር። ሙሽራ ያስለቅሳሉ፣ አማት ያስፎክራሉ፣ ስስታም ደጋሽ ሲያጋጥማቸው ደግሞ በግጥም ልብሱን ያስወልቁታል። አንድ አመል ነበረባቸው፤ ካሴት ላይ አይዘፍኑም። ቴፕ ይዞ የሚጠጋቸውን ሰው ሲያዩ ደጋኑን ከክሩ ላይ ያነሳሉ። «በልቶ የማይጠግብ አዳም እያለላቸው የማይበላ አዳም ላበጅላቸው? ከዚያ በኋላ ማን ሊጠራኝ ነው!» ይላሉ። ሰው ይስቃል። እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር፤ አንዲት ቀን እንኳ ተቀድተው አያውቁም።

አንድ ሚያዝያ ላይ ሰርግ ቤት ቆመው እየተጫወቱ ግራ ጎናቸውን ያዛቸው። ምላሳቸው ተረፈ፣ ክሩን የሚረግጡት የግራ ጣቶቻቸው ግን ቀሩ። ማሲንቆው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ልጅየው አንስቶ እንዳይጫወተው፣ ያኔ ተማሪ ቤት «የአዝማሪ ልጅ» ሲሉት ተናዶ ማሲንቆ አልነካም ያለ ነው፤ ኦርጋን የተማረውም ከዚያ ስድብ ለማምለጥ ነበር። አሁን ከግድግዳው ላይ ሊያወርደው ቢፈልግም ጣቱ እንቢ ይለዋል።

እንግዲህ ክረምቱን ሙሉ ሳጥኑ ከሆቴል ወጥቶ አያ አዳም አልጋ አጠገብ ከረመ። የከተማው ጄኔሬተር አመሻሹ ላይ ይነሣል፤ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይቀጠቅጠዋል፤ አባት ያንጎራጉራሉ፣ ልጅ ቁጥር ይለውጣል።

«ከፍ አድርገው» ይላሉ አያ አዳም።

«ይኸውልዎት።»

«በዛ! አሳበድከው። መልሰው።»

«አሁንስ?»

«አሁን ደሞ መነኮሰ። ትንሽ ዓለማዊ አድርገው እንጂ!»

ሥራው ቀላል አልነበረም። ሳጥኑ መብራት ሲሄድበት ሁሉን ነገር ይረሳል። ካሴት ላይ ሳይቀመጥ ጄኔሬተሩ የጠፋ ቀን የምሽቱ ልፋት ገደል ይገባል። ምሥጋናው በንዴት ፀጉሩን ሲነጭ አያ አዳም በጨለማው ውስጥ ይስቃሉ። «ተወው፣ እንደኔው ነው። ሲመታው ይጠፋበታል» ይላሉ። በማግስቱ እንደገና ያንጎራጉራሉ፤ እንደገና ከፍ፣ እንደገና ዝቅ። ከቁልፉ ከፍታ ሌላ የደጋኑን ሸካራነት፣ ክሩ ሲነካ የሚያሰማውን ትንሽ ማጉረምረም ሳይቀር ፈልገው አገኙት። ትዝታ አለቀ፣ ባቲ አለቀ፣ አምባሰል አለቀ። አንቺሆዬ ሁለቱንም አሰቃይቶ ጳጉሜን ላይ አለቀ።

ያን ምሽት ምሥጋናው አባቱ የሚወዱትን መግቢያ በኦርጋኑ ቁልፎች ተጫወተ፤ ከሳጥኑ የወጣው ግን የኦርጋን ድምፅ አልነበረም። አያ አዳም ሰሙት። ጨርሶ እጁን ሲያነሣ ደህናውን እጃቸውን ወደ ግድግዳው ዘርግተው፣ «ያ እኮ እንጨት ነው። ይኸ ግን እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ አለቀሱ። ልጁም አለቀሰ። ከተወለደ ጀምሮ አባቱን ደስ ያሰኘ ነገር የሠራ የመሰለው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አራቱም ቅኝቶች ባንድ ካሴት ላይ፣ ተራ በተራ ተቀመጡ፤ ትዝታ መጀመሪያ፣ አንቺሆዬ መጨረሻ። ኡዶ ካሴቱ በስሕተት እንዳይቀዳበት ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ሰብሮ አሳየው። መስከረም ላይ ሥራው አልቆ ወደ አገሩ ሲሄድም ሳጥኑንና ሳጥኑን የሚያዘውን ፕሮግራም፣ በሌላ ካሴት፣ ትቶለት ሄደ። መኪናው ከተነሣ በኋላ እንኳ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ሌላ ካሴት ላይ ገልብጠው! እሽ?» አለ።

«እሽ!» አለ ምሥጋናው።

ይቺን እሽ የማያውቅ ሐበሻ የለም። ከልቡ ነው ያላት። ግን ለመገልበጥ መብራቱ ረጅም ሰዓት መቆየት አለበት፤ መብራቱ ሲቆይ ደግሞ ሆቴሉ ይጠራዋል። የዛሬ ሳምንት ይላል፤ የዛሬ ሳምንትም ይደርስና ያልፋል። እንዲህ እንዲህ ሲል የገና ጾም ገባ።

በጾም ሆቴሉ ዘፈን አይወድም። ሳጥኑ ቤት ገብቶ ተቀመጠ፣ ካሴቱም ከነልባሱ ከሳጥኑ አናት ላይ ተቀመጠ። ምሥጋናው ለጥምቀት ማግስት ሰርግ ሊነጋገር ወደ ኮን ወጣ፤ አባቱን ለእትዬ ገለቴ፣ ለአክስቱ፣ አደራ ብሎ።

እሱ በሌለበት የሬዲዮ ጠጋኙ የሸዕባን የእህት ልጅ ሪሃና ለቤት ሠራተኝነት ወደ ቤይሩት ልትሄድ ተነሣች። ያን ጊዜ ሰው ዓረብ አገር ሲሄድ ሠፈሩ ሁሉ ድምፁን ያስይዘዋል። ደብዳቤ የሚጽፈው ጥቂት ነው፤ ቴፕ ያለው ቤት ግን አይጠፋም። ያረጀ ካሴት ይፈለጋል፣ እንዲቀዳ በጀርባው የተሰበረው ቀዳዳ ይደፈናል፣ አሮጌው ዘፈን ላይ ሰላምታው፣ ምርቃቱ፣ የላም መውለዱ ሁሉ ይቀዳበታል። በሁለተኛው ገጽ ልጅቱ መልሷን ቀድታ ትመልሳለች። ለዚህ ብሎ አዲስ ካሴት የሚያበላሽ ሰው የለም። የምሥጋናው እህት ኤልሳቤጥም ቤይሩት ከሄደች ሰንብታለች፤ አያ አዳም ከታመሙ ወዲህ ድምፃቸውን አልሰማችም።

ምሥጋናው ከኮን ሲመለስ አባቱን ፊታቸው ፈክቶ አገኛቸው።

«ለኤልሳ ተናገርኩላት» አሉ። «ሪሃና ከሦስት ቀን በፊት ይዛልኝ ሄደች። በካሴት ገብቼ ባሕር ተሻገርኩልህ!»

«እሰይ አባዬ። ካሴት ከየት አገኙ?»

«ያንተን ደህና ደህናውን አልነካሁም። አትቆጣ» አሉ፤ በነገሩ ኮርተውበታል። «ገለቴ እያንዳንዱን ቴፑ ውስጥ ስትከት እየሰማሁ፣ ይኸ ይጠቅመዋል፣ ይኸም ይጠቅመዋል እያልኩ አስቀረሁልህ። ያን የተበላሸውን ነው የወሰድነው።»

«የተበላሸ? የቱን?»

«ያን ከሳጥኑ ላይ የነበረውን፣ ጆሮ የሚበጥሰውን። ጭርርር ይላል እንጂ ዘፈን የለው፣ ወግ የለው። በጀርባው ያለችው ፕላስቲክም ተሰብራ ነበር፤ ገለቴ ቀዳዳውን በጧፍ ሰም ደፈነችው።»

ምሥጋናው ሰማይ ተደፋበት። ክረምቱን ሙሉ ካሴቱ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ አባቱ አይተዋል፤ በሰው ቴፕ ሲጫወት ምን እንደሚመስል ግን ሰምተው አያውቁም። ሳጥኑ ለራሱ የሚያስቀምጠው ነገር ለሰው ጆሮ ጩኸት ብቻ ነው። ይህን አባቱን አልነገራቸውም፤ ልንገራቸው የሚል ሐሳብም አልመጣለትም ነበር። አሁን ቢነግራቸውስ? ፈክቶ የሚያየውን ፊት ተመለከተ። «ደግ አደረጉ አባዬ» አለ። ውኃ ልጠጣ ብሎ ወጥቶ እየሮጠ ሸዕባን ሱቅ ገባ።

ሸዕባን ነገሩን ሰምቶ ጭንቅላቱን ያዘ። «ያ አላህ! በገዛ እጄ ነው እኮ በፌስታል የጠቀለልኩላት! ወላሂ ባውቅ ኖሮ…» አለ። ሁለቱም ወደ ስልክ ቤት ወረዱ። አዲስ አበባ የደላላው ቤት ስልክ ሲጠራ ዋለ፤ ወደ ማታ አንዲት ሴት አንሥታ ልጆቹ አውሮፕላን ጣቢያ ገብተዋል አለችና ዘጋችው። ሸዕባን ትከሻውን ያዝ አድርጎ «አብሽር፣ እህትህ እጅ ነው የሚገባው። ሌላ ሰው እጅ አልወደቀም» አለው። አጽናናሁት ብሎ ነው።

አንድ ተስፋ ነበረችው። አባቱ ከካሴቱ መጀመሪያ ነው መናገር የጀመሩት። ብዙ ካልተናገሩ ከአራቱ ቅኝቶች ኋለኞቹ ይተርፋሉ። ጫፉ ያልተነካ ቅኝት ሳጥኑ ያውቀዋል፤ መነሻው የጠፋበትን ግን ጨርሶ አያውቀውም። ትዝታና ባቲ ሄደዋል እንበል። አምባሰልስ? ቢያንስ አንቺሆዬ፣ መጨረሻ ላይ ያለው፣ ያ ሁሉ ስቃይ ያየንበት? ማታ ማታ ተኝቶ የአባቱን የንግግር ርዝመት ይገምት ጀመር። አያ አዳም ደግሞ ባጭሩ የሚናገሩ ሰው አይደሉም።

ጾሙ ተፈታ፣ ገና አለፈ። «ሳጥኑ ምነው ዝም አለ?» ይላሉ አያ አዳም።

«መብራት የለም አባዬ።»

መብራት በእርግጥ የሚጠፋበት ቀን ብዙ ስለሆነ ውሸቱ ሰነበተ። ጄኔሬተሩ ሲነሣ ሆቴል ይጠሩኛል ብሎ ይወጣል፤ ሆቴልም አይሄድ፣ ሸዕባን ሱቅ ደጃፍ ይቀመጣል። የኮኑን ሰርግ አሞኛል ብሎ ተወው። አንዳንዴ ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ገና ያንጎራጉራሉና እንደገና እንጀምራለን ይላል። ግን መጀመሪያ «የተበላሸው» ምን እንደነበር ማለት አለበት። ያቺን ማለት አቃተው። ጥር ሲያልቅ ቀኑ ከእጁ ወጣ፤ አያ አዳምን ሁለተኛ ጊዜ መታቸው፣ ምላሳቸውንም ወሰደው። ቀኝ እጃቸው ከአልጋው ትንሽ ከፍ ይልና ይወድቃል። የቀራቸው ዓይናቸው ብቻ ነው።

ምሥጋናው መብራት የለም የሚለውን ውሸት ትቶ የኡዶን ፕሮግራም ካሴት አጉርሶ ሳጥኑን አልጋው አጠገብ አመጣው። ድምፁ እንደ መጀመሪያው ቀን ንብ ነበር። «አባዬ፣ ቅኝቱ ተዛብቶብኝ ነው» አለ። «እኔ ልሞክር፣ ልክ ሲሆን ዓይንዎን ይጨፍኑልኝ።» የመጀመሪያውን ቁልፍ ከፍ ዝቅ አደረገው። አያ አዳም ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደስ ብሎት ወደ ሁለተኛው ሄደ፤ ሁለተኛውን ገና ሳይለውጠው ጨፈኑ። ሦስተኛውንም። ልክ ነው ማለታቸው ነው? ደከመኝ ማለታቸው ነው? ወይስ ይኸን አላይም ማለታቸው? ጠየቃቸው። ዓይናቸውን ገልጠው አዩት፤ ብዙ የሚሉት ያላቸው ይመስላሉ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሰውን ለመርዳት እጅ ያለው ሰው ይበቃል ይመስለው ነበር። ሁለት ጤነኛ እጁን ቁልፎቹ ላይ ትቶ ተቀመጠ።

ብቻውንም ሞከረ። ጆሮው ደንቆሮ አይደለም፤ አንቺሆዬን የሚመስል ነገር አወጣ። ሆቴል ቢወስደው ፈረንጅ ያጨበጭብለታል፣ አስተናጋጆቹም አይለዩትም። እሱ ግን ያቺ በሁለት ቁልፎች መሐል ያለችው ድምፅ ላይ ሲደርስ፣ ጣቱ የቤቱን በር ስቶ የሰው በር የሚያንኳኳ ይመስለዋል። እዚያ ቤት አባቱ የሉም።

የካቲት ላይ ከስልክ ቤት ጥሪ መጣ፤ ኤልሳቤጥ ናት። እመቤቷ ለጥቂት ደቂቃ ፈቅዳላት ነው።

«አባዬ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው።» ባሕር ማዶ ላለ ሰው ሕመም አይነገርም፤ ብቻዋን ሰው ቤት ምን ትሆናለች? ይህን ማንም አላስተማረውም፣ አገሩ እንዲህ ነው።

«ታዲያ ለምን ይዘሃቸው አልመጣህም? ድምፃቸውን ልስማ።»

«ዳገቱ ከበዳቸው። ኤልሳ፣ ካሴቱ ደረሰሽ?»

«ሆዴ! ልብስ ስተኩስ እሱን ነው የምሰማው። ሲናገሩ እዚሁ ያሉ ነው የሚመስለኝ። ብቻ መጨረሻው ተበላሽቷል መሰለኝ፣ ተናግረው ሲጨርሱ ጩኸት ይመጣል። ጆሮዬን ሲወጋኝ ቶሎ አጠፋዋለሁ።»

ጩኸት አለ ማለት የቀረ ነገር አለ። «ጩኸቱ ረጅም ነው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ አጠፋዋለሁ አልኩህ እኮ።»

«ላኪልኝ። ገልብጬ እመልስልሻለሁ።»

ስልኩ ውስጥ የሷ ትንፋሽና የሩቅ የልጅ ለቅሶ ይሰማል። «የአባዬን ካሴት?» አለች። «ከሳቸው ሌላ ምን አለኝ? እሽ… እልከዋለሁ። ግን ማልልኝ፣ ትመልሰዋለህ።»

«ላሊበላን እመልሳለሁ» አለ። ስልኩ ተቋረጠ።

ካሴቱ የመጣው ከፋሲካ በኋላ፣ ኮንትራቷን ጨርሳ ወደ ወልድያ በተመለሰች ልጅ እጅ ነው። የጧፉ ሰም ቀዳዳው ላይ እንደ ደረቀ አለ። ምሥጋናው ቤት ሊወስደው ፈራ። ሸዕባን ሱቁን ገርበብ አደረገና ካሴቱን ቴፑ ውስጥ ከተተ።

«ኤልሳዬ፣ የኔ ወለላ፣ እንዴት ሰነበትሽ?» አሉ አያ አዳም።

ምሥጋናው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ይህን ድምፅ ከሰማ ወራት አልፈዋል። አያ አዳም ስለ ሕመማቸው ቀለል አድርገው ተናገሩ፤ ስለ ገለቴ ንዝነዛ፣ ሸዕባን በሬዲዮ ምትክ ጭቅጭቅ ስለ መጠገኑ ተናገሩ። ሸዕባን እያለቀሰ ሳቀ። ምሥጋናው ግን የቴፑን ጥቅል እያየ ነበር። ትዝታ አለፈ። ባቲ አለፈ። አባቱ መመረቅ ጀመሩ፤ የአያ አዳም ምርቃት ደግሞ ዘር ማንዘር ሳያዳርስ አይቆምም። አምባሰልም አለፈ።

«በቃ እንግዲህ ልጄ፣ ደህና ሁኚ» አሉ።

ምሥጋናው ከወንበሩ ተነሣ። እዚህ ካበቁ አንቺሆዬ ደህና ነው፤ ከነመነሻው ደህና ነው። ገለቴ ቁልፉን ልትጫን ስትጠጋ ይሰማል።

«ቆይ ገለቴ፣ አታጥፊው!» አሉ አያ አዳም። «ዋናውን ረሳሁት። ኤልሳ፣ እንድዘፍንልሽ እንደምትፈልጊ አውቃለሁ። ካሴት ላይ አልዘፍንም፣ አመሌን ታውቂዋለሽ። ደሞም እጄ የለም። ግን አትዘኚ። ወንድምሽ ይህን ክረምት ከኔ ጋራ ተቀምጦ ማሲንቆዬን አንድ ሳይቀር ሳጥን ውስጥ አስገብቶታል። እንዳትስቂ! እኔው ነኝ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ባልፍ እንኳ፣ ስትመጪ ያሰማሻል። እኔ እኮ ልጆቼ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ ብዬ ነበር የምፈራው። አሁን አልፈራም። የትም አልሄድም፣ እዚያ ውስጥ ነ—»

ጩኸቱ መጣ።

ከካሴቱ መጨረሻ ያለው የአንቺሆዬ ግማሽ ነበር፤ መነሻውን አባቱ ተናግረውበታል። ምሥጋናው ሳጥኑን አስመጥቶ ሞከረ፣ ሳጥኑ ካሴቱን እስከ ጫፉ አዙሮ ምንም አላገኘሁም አለ። ደግሞ ሞከረ። ሸዕባን «በቃ ወንድሜ» እስኪለው ድረስ ይሞክር ነበር።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ኤልሳቤጥ ነበረች። ቀስ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማት ትናገራለች። «ምሥጋናው፣ ልትገለብጠው አይደል የምትፈልገው? እንግዲያ ስትመልሰው አባዬ ያሉትን ማሲንቆ እዚህ ገጽ ላይ ቅዳልኝ። ትንሽ ይበቃኛል። ከሳቸው ቀጥሎ ሳዞረው እንድሰማው ነው» አለች።

አመሻሹ ላይ ቤት ገባ። እትዬ ገለቴ አምፖሉን አብርታ ወደ ጎረቤት ሄዳለች። አያ አዳም ልጃቸው ሳጥኑን ታቅፎ ሲገባ አዩ፤ ዓይናቸው ከሳጥኑ ወደ ኦርጋኑ፣ ከኦርጋኑ ወደ ልጃቸው ሄደ። የሚጠይቁት ነገር ግልጥ ነው።

«መብራት የለም አባዬ» አለ ምሥጋናው።

አያ አዳም ከራሳቸው በላይ የሚበራውን አምፖል አዩ። ከዚያ ልጃቸውን አዩ፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ምሥጋናውም የዚህኛውን መጨፈን ትርጉም አልጠየቀም። ብርድ ልብሳቸውን አስተካከለላቸውና አጠገባቸው ተቀመጠ።

በማግስቱ ካሴቱን ይዞ ሸዕባን ሱቅ ሄደ። ኦርጋኑን አልያዘም፤ በተሳሳተ ቅኝት አባቱን መስሎ እህቱን ሊያታልላት ይችል ነበር፣ ሌሊቱን ሙሉ አስቦበት እንቢ አለው። ሸዕባን ካሴቱን በሁለተኛው ገጽ ከተተ፣ የመቅጃውን ቁልፍ ተጫነና ወጥቶ ደጃፍ ቆመ። ቴፑ ባዶውን ሲዞር ቆየ። ምሥጋናው ወንበሩን አስጠጋ። ከዚያ ወደ ቴፑ ጎንበስ አለ።

«ኤልሳ፣ ማሲንቆውን አልቀዳሁልሽም። ለምን እንደሆነ ስትመጪ እነግርሻለሁ። አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። አባዬ ተናግረው ሲያበቁ የሚመጣውን ጩኸት አታጥፊው። ጆሮሽን ቢወጋሽም እስኪያልቅ ስሚው። ማሲንቆአቸው እሱ ነው።»